ኮራል አልጌዎቹን ከአልትራቫዮሌት እንዴት እንደሚከልል በሻይ ብርጭቆ ማሳያ

ይህ ሙከራ ባሕር አይተው ለማያውቁ የሱሉልታ፣ የቡራዩና የሰበታ ተማሪዎች ይሆናል። ኮራል የባሕር እንስሳ ነው፤ በሥጋው ውስጥ የሚያኖራቸው አልጌዎች (እንደ ዕፅዋት ብርሃን የሚጠቀሙ ጥቃቅን ፍጥረታት) በፀሐይ ብርሃን ስኳር እየሠሩ ይመግቡታል። ኮራሉ ብርሃኑን ከጋረደ አልጌዎቹ ይርባቸዋል፤ ካልጋረደ በአልትራቫዮሌት (ለዓይን በማይታየው የፀሐይ ጨረር) ይጎዳሉ። ስለዚህ መከለያው መራጭ መሆን አለበት፦ አልትራቫዮሌቱን አስቀርቶ የሚታየውን ብርሃን የሚያሳልፍ።

ኩዊኒን (በአልትራቫዮሌት ሲመታ ሰማያዊ የሚፈካ መራራ ንጥረ ነገር) ያለበት ቶኒክ የተባለ ለስላሳ መጠጥ (መለያውን አንብቡ)፣ አምቦ ውሃ፣ ሦስት የሻይ ብርጭቆ፣ ጨውና አልትራቫዮሌት የሚያወጣ ገንዘብ መፈተሻ ባትሪ ያዙ። ባትሪው 365 ናኖሜትር (የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ) የሚል ይሁን፤ 395 የሚለው ሐምራዊ ብርሃኑ በዝቶ ውጤቱን ያደበዝዛል። ጀርም ማጥፊያ አምፖል ዓይን ስለሚያቃጥል አትንኩት። ባትሪውንም ወደ ዓይን አታዙሩ።

አንዱን ብርጭቆ በቶኒክ ሙሉ፤ አልጌው እሱ ነው። ሁለተኛው ውስጥ አምቦ ጨምሩ። ሦስተኛው ውስጥ ቶኒክ ከግማሽ በላይ አድርጉና አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፤ ገንፍሎ ስለሚፈስ ሥሩ ሳህን ይኑር። አረፋው እስኪጠፋ ጠብቁ፣ አለበለዚያ ብርሃኑን ይበትናል።

ክፍሉን አጨልሙ። ባትሪውን በጎን አብሩና በባትሪውና በ«አልጌው» መካከል መጀመሪያ አምቦውን አቁሙ፦ ቶኒኩ ሰማያዊ ይፈካል። አምቦውን በጨዋማው ቶኒክ ተኩት፦ ፍካቱ ይደክማል። አሁን በጨዋማው ውስጥ አሻግራችሁ የመጽሐፍ ጽሑፍ ተመልከቱ፤ ብርሃኑ እንደ ልብ ያልፋል።

የሙከራው ቁም ነገር ጨው ላይ ነው። ክሎራይድ የኩዊኒንን ፍካት ያጠፋል፣ ጨረሩን መዋጡን ግን አያስቀርም፤ የተዋጠው ወደ ሙቀት ይለወጣል። ኮራል፣ አንዳንድ የባሕር አኔሞኒዎች (አበባ የሚመስሉ የኮራል ዘመዶች) እና ግዙፍ ክላሞች (ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል እንስሳት) የያዟቸው ማይኮስፖሪን መሰል አሚኖ አሲዶች የተባሉ ጨረር ከላካይ ንጥረ ነገሮችም እንዲሁ ናቸው፦ ከ310 እስከ 360 ናኖሜትር ያለውን ጨረር ውጠው ሳይፈኩ ሙቀት ያደርጉታል። ብዙዎቹ እንስሳት ይህን ከአልጌዎቻቸው ወይም ከምግባቸው ያገኛሉ። አንዳንድ ተማሪ «የባሕር ውሃ ይምሰል» ብሎ ጨው «አልጌው» ውስጥ ይጨምራል፤ ያኔ ምንም አይፈካም፣ ሙከራውም ይበላሻል።

ካርቶን ብትጋርዱም ፍካቱ ይጠፋል፤ ጽሑፉም አብሮ። በሰሜን አሜሪካ የፓስፊክ ዳርቻ የሚኖር አንድ አኔሞኒ ጠጠርና የዛጎል ስባሪ ገላው ላይ ለጥፎ ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል፤ ፀሐይ ሲበረታም ይኮማተራል።

ባትሪ ከታጣ ቶኒኩን እኩለ ቀን ላይ ጥቁር ጨርቅ ፊት አቁሙት። አልትራቫዮሌት በየ1,000 ሜትር ከፍታ በግምት 10 በመቶ ስለሚጨምር፣ በሱሉልታ ፀሐይ ሰማያዊው በብርጭቆው ጠርዝ በኩል ይታያል።