ዜጎችን ስለ አገር ጉዳይ ሲጠይቁ፦ ለመስክ ጠያቂዎች የሚሆን መመሪያ

ስለ ምርጫ፣ ስለ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ፣ ስለ ሰላም ወይም ስለ ኑሮ ውድነት የዜጎችን አስተያየት ለመሰብሰብ የሚነሣ ሰው፣ ተማሪም ይሁን ጋዜጠኛ ወይም የሲቪክ ማኅበር ባለሙያ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ መጠይቁ ነው። መጠይቁ በእርግጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሆኖም በአገራችን የመልሱን እውነተኛነት ከሁሉ አስቀድሞ የሚወስነው መላሹ «ይህን ሰው ማን ልኮት ይሆን?» ብሎ በልቡ የሚገምተው ነገር ነው። ግምቱ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በ1978 ዓ.ም. የወጣው ረቂቅ ሕገ መንግሥት በየቀበሌውና በየገበሬ ማኅበሩ ለውይይት በቀረበበት ዘመንም ሆነ ከዚያ ወዲህ በተጠሩ ብዙ ስብሰባዎች ላይ፣ ሰው ሐሳቡን እንዲናገር የሚጋበዘው መታወቂያ በሚሰጡትና ማዳበሪያ በሚያከፋፍሉት ኃላፊዎች ፊት ነበር። እንዲህ ባለ ቦታ የሚጠበቀውን መልስ መስጠት ራስንና ቤተሰብን መጠበቂያ መንገድ ስለሆነ እንደ ውሸት ሊቆጠር አይገባም። የጠያቂው ቀዳሚ ሥራም ይህን መጠበቂያ አላስፈላጊ ማድረግ ነው።

ከዚህ የሚነሣው የመጀመሪያው ፈተና የፈቃድ ደብዳቤ ነው። ያለ ደብዳቤ ወደ አንድ ቀበሌ ገብቶ ቤት ለቤት መጠየቅ ለጠያቂውም ለመላሹም አደገኛ ሊሆን ስለሚችል፣ አስቀድሞ ለወረዳውና ለቀበሌው ማሳወቅ ይገባል። ችግሩ የሚመጣው ሊቀ መንበሩ በቅንነት «አስተባባሪ እሰጣችኋለሁ» ሲል ነው። አስተባባሪው መንደሩን ለማሳየትና በአገር ሽማግሌዎች ዘንድ ለማስተዋወቅ እጅግ ይጠቅማል፤ ጥያቄው ሲጀመር ግን አጠገብ ሊኖር አይገባም። ይህን በሩ ላይ ከመናገር ይልቅ ገና በጽሕፈት ቤቱ ሳሉ በአክብሮት ማስረዳት ይሻላል፤ የጥናቱ ደንብ ከመላሹና ከጠያቂው በስተቀር ሦስተኛ ሰው እንዲገኝ እንደማይፈቅድ ቢነገረው አብዛኛው ኃላፊ ይረዳል። እንቢ ካለና ጥያቄው አስተባባሪው በተገኘበት ከተካሄደ፣ ያንን በቅጹ ላይ መመዝገብ ግዴታ ነው።

በሩ ላይ የሚባለው አጭርና እውነት ይሁን፦ ማን እንደሆንን፣ ማን እንደላከን፣ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን፣ ስም እንደማንጽፍ፣ መላሹ ያልፈለገውን ጥያቄ ሊያልፍ ወይም መሐል ላይ ሊያቋርጥ እንደሚችል። «መልስዎ ለአካባቢዎ ልማት ያመጣል» ብሎ ተስፋ መስጠት ፈጽሞ አይገባም። ይህ ተስፋ ሲነገር መላሹ አስተያየቱን ትቶ አቤቱታውን ያቀርባል፣ ወይም ደግሞ ዕርዳታ ያመጣሉ ብሎ የገመታቸውን ሰዎች የሚያስደስት መልስ ይመርጣል።

ከቤተሰቡ ማን ይጠየቅ የሚለውን ለአባወራው መተው ትልቅ ስሕተት ነው። አባወራው እንግዳ መቀበል ክብሩ ስለሆነ ራሱ ይቀርባል፤ ባለቤቱ፣ እናቱና ለአካለ መጠን የደረሰች ልጁ ያኔ ከጥናቱ ይወጣሉ። በአፍሪካ አገሮች የዜጎችን አስተያየት የሚያጠናውና በኢትዮጵያም ጥናት ያካሄደው አፍሮባሮሜትር የተባለው ተቋም ይህን የሚያስተካክለው በአንዱ ቤት ወንድ፣ በሚቀጥለው ሴት እያፈራረቀና በተመረጠው ጾታ ውስጥ ያሉትን አዋቂዎች በሙሉ መዝግቦ አንዱን ወይም አንዷን በዕጣ በመለየት ነው። ዕጣው በቤተሰቡ ፊት ቢወጣ «ለምን እሷን?» የሚለው ቅሬታ ይቀልላል። ሴትን ሴት ብትጠይቃት የተሻለ ነው። ቡና ከተፈላ አቦሉን በምስጋና ጠጥቶ፣ ጎረቤቶች ከተሰበሰቡበት ራቅ ብሎ መቀመጥ ይቻላል፤ ቡናውን ጨርሶ እንቢ ማለት ግን ቤቱን ማስቀየም ነው።

ጥያቄዎቹን በተመለከተ፣ አንድ ጥያቄ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቅ። «ሀገራዊ ምክክሩንና የሽግግር ፍትሕ ሂደቱን ይደግፋሉ?» ለሚል ጥያቄ «አዎ» ያለ ሰው የትኛውን እንደደገፈ አይታወቅም። መልሱን በውስጡ የያዘ ጥያቄም እንዲሁ ከንቱ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ስለዋለው የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው «ለውጡ ኑሮን አላስወደደም ወይ?» ብሎ ከሚጀምር፣ አስቀድሞ «ባለፈው አንድ ዓመት የቤተሰብዎ ወጪ ጨምሯል፣ ቀንሷል ወይስ እንዳለ ነው?» ብሎ ቢጠይቅና ምክንያቱን መላሹ በራሱ ቃል እንዲናገር ቢተው ይሻላል። ስለ ፌዴራል ሥርዓቱ ሲጠየቅ «የጎሣ» ወይም «ኅብረ ብሔራዊ» የሚሉት ቅጽሎች የጠያቂውን ወገን ስለሚያሳብቁ ሁለቱንም መተውና ክልሎች የሚከለሉበትን መንገድ በቀላል ቃላት መግለጽ ይመረጣል። መጠይቁ በአማርኛ ብቻ ተዘጋጅቶ ጠያቂው በቃል እየተረጎመ በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ ከጠየቀ፣ እያንዳንዱ ጠያቂ የየራሱን ጥያቄ ጠየቀ ማለት ነው፤ ስለዚህ ትርጉሙ አስቀድሞ ተጽፎ፣ ሌላ ሰው ወደ አማርኛ መልሶት መመሳከር አለበት።

«እኔ ፖለቲካ አላውቅም» የሚለውን መልስ በትዕግሥት መቀበል ያስፈልጋል። አንዳንዴ እውነት ነው፤ አንዳንዴ «አትጠይቀኝ» ማለት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ትክክል ወይም ስሕተት የሚባል መልስ እንደሌለ አስታውሶ ጥያቄውን እንዳለ መድገም ይበቃል፤ ከዚያ በላይ መጎትጎት ሰውን ማስጨነቅ ነው። በቅጹ ላይም «አላውቅም» እና «መመለስ አልፈልግም» ለየብቻ ይመዝገቡ፤ በአንድ አካባቢ ሁለተኛው ሲበዛ ራሱ ስለዚያ አካባቢ ትልቅ ነገር ይናገራል። አፍሮባሮሜትር በመጠይቁ መጨረሻ ላይ «ማን የላከን ይመስልዎታል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ይህን ልማድ ማንኛውም ትንሽ ጥናት ሊወስደው ይገባል። «መንግሥት» ያሉትንና ሌላ መልስ የሰጡትን ለይቶ ማነጻጸር ፍርሃት ውጤቱን ምን ያህል እንደቀየረው ለመገመት ይረዳል።

የመላሹን ደኅንነት የሚመለከተው ክፍል ድርድር አይፈልግም። የፖለቲካ አመለካከት በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ጥንቃቄ ከሚሹት መረጃዎች የሚመደብ ነው። አድራሻና ስልክ የጠያቂውን ሥራ ለመቆጣጠር ካስፈለጉ ከመልሶቹ ተለይተው ይቀመጡ፣ ቁጥጥሩ እንዳለቀም ይጥፉ። ፎቶግራፍ ማንሣት አይገባም፤ ድምፅ መቅዳትም ያለ ግልጽ ፈቃድ አይፈቀድም።

ውጤቱ ሲጻፍ የጥያቄው ቃል እንዳለ፣ የተጠየቀበት ጊዜና የመላሾቹ ብዛት አብሮ ይውጣ። በትክክል በዕጣ የተመረጡ 1,200 ሰዎች የሰጡት መልስ ከመላው ሕዝብ አስተያየት ወደ 3፣ የ2,400 ሰዎች ደግሞ ወደ 2 መቶኛ ነጥብ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ስለሚችል፣ 51 ለ49 የሆነን ውጤት «ሕዝቡ ደገፈ» ብሎ ማወጅ አይቻልም። በቴሌግራም ቻናል የተሰበሰበ ድምፅ ደግሞ አሥር ሺህም ቢሞላ የቻናሉን ተከታዮች ብቻ ይወክላል፤ የስልክ ጥናትም ስልክ የሌለውን የገጠር ሰው ይተዋል። የመጨረሻው የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ናሙናው የተመሠረተበት ዝርዝር የትኛው እንደሆነ መግለጽ ያስፈልጋል። በግጭት ምክንያት ያልተደረሰባቸው ወረዳዎች ስማቸው ከሠንጠረዡ በላይ፣ አንባቢ ቁጥሩን ከማየቱ በፊት በሚያነበው ቦታ ይጻፍ፤ እነዚያ ሰዎች ስለ ሰላም ቢጠየቁ ምናልባት ከሁሉ የተለየ መልስ ይኖራቸው ነበር።