ሪአክት አፕን ከዋሌት ጋር የሚያገናኝ ሁክ እንዴት ይጻፋል?

ዋሌት ማለት እንደ ኢቴሪየም ባሉ ብሎክቼይኖች ላይ ያለን አካውንት የሚይዝ ፕሮግራም ነው። ‹ዋሌት አገናኝ› የሚል በተን መሥራት ቀላል ነው። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ተጠቃሚው ዋሌቱ ውስጥ ገብቶ አካውንት ይቀይራል፣ ኔትወርክ ይቀይራል፣ የሰጣችሁን ፈቃድ ይሰርዛል፤ የእናንተ ገጽ ግን የድሮውን አድራሻ ይዞ ቁጭ ይላል። ስለዚህ ሁኩን (ስቴትና ኢፌክት የሚይዘውን የሪአክት ፈንክሽን) ስትጽፉ ይህን ያዙ፦ እውነቱ ያለው ዋሌቱ ጋ ነው፣ የእናንተ ስቴት ግልባጭ ብቻ ነው።

እንደ ሜታማስክ ያሉ የብራውዘር ዋሌቶች ገጹ ውስጥ ‹ዊንዶው.ኢቴሪየም› የሚባል ኦብጀክት ያስቀምጣሉ። የምታነጋግሩት ‹ሪኩዌስት› በሚለው ሜተዱ ነው፤ ይህንን የወሰነው ኢአይፒ-1193 የሚባለው ስታንዳርድ ነው።

ሁኩን ‹ዩዝ-ዋሌት› እንበለው። ሁለት ስቴት ይበቃዋል፦ አድራሻና የኔትወርክ ቁጥር። በተኑ ሲነካ ‹ኢቲኤች_ሪኩዌስት-አካውንትስ›ን ጥሩ፣ ያኔ ዋሌቱ ፖፕአፕ ከፍቶ ፈቃድ ይጠይቃል። ይቺን ጥሪ ገጹ ሲከፈት በራሷ እንድትሄድ ‹ዩዝ-ኢፌክት› ውስጥ አታስገቧት፣ እባካችሁ። ገና ምን እንደሆነ ያላየውን ገጽ ዋሌትህን ክፈት ሲለው ሰው ይደነግጣል፣ መደንገጡም ልክ ነው። ገጹ ሲከፈት የሚጠራው ‹ኢቲኤች_አካውንትስ› ነው፤ ፖፕአፕ አይከፍትም፣ ቀድሞ ፈቃድ ካለ አድራሻውን ይሰጣችኋል፣ ከሌለ ባዶ አሬይ ይመልሳል።

አሁን ዋናው ሥራ። ‹ዩዝ-ኢፌክት› ውስጥ ‹አካውንትስ-ቼንጅድ› እና ‹ቼይን-ቼንጅድ› የሚባሉትን ኢቨንቶች አዳምጡ። የመጀመሪያው ባዶ አሬይ ይዞ ከመጣ ተጠቃሚው ግንኙነቱን አቋርጧል ማለት ነው፣ አድራሻውን ነል አድርጉት። ሁለተኛው የኔትወርኩን ቁጥር በሄክስ ነው የሚያመጣው፣ ወደ ተራ ቁጥር ቀይሩት፤ የኢቴሪየም ዋና ኔትወርክ 1 ነው፣ መሞከሪያው ሴፖሊያ 11155111። ከኢፌክቱ ስትወጡ ሊስነሮቹን ማንሳት እንዳትረሱ። ስትሪክት ሞድ የሚባለው የሪአክት መፈተሻ በዴቨሎፕመንት ጊዜ ኢፌክቱን ሁለቴ ስለሚያስኬደው፣ ካላነሳችኋቸው እያንዳንዱ ለውጥ ሁለቴ ይሰማል።

ስህተቶችን በኮዳቸው ለዩ። 4001 ተጠቃሚው እምቢ አለ ማለት ነው፤ ቀይ ማስጠንቀቂያ አያስፈልገውም፣ በተኑን ወደነበረበት መልሱ በቃ። ሜታማስክ -32002 ከመለሰ ደግሞ የቀደመው ጥያቄ ዋሌቱ ውስጥ መልስ እየጠበቀ ነው፣ ስለዚህ ‹ዋሌትዎን ከፍተው ይመልከቱ› በሉት።

ሰርቨር ላይ ሬንደር የምታደርጉ ከሆነ እዚያ ‹ዊንዶው› የለም፣ ከኢፌክት ወይም ከክሊክ ውጪ አትንኩት።

አንድ ብራውዘር ላይ ሁለት ሦስት ዋሌት ሲኖር ሁሉም ያቺኑ ‹ዊንዶው.ኢቴሪየም› ይሻማሉ። ኢአይፒ-6963 የመጣው ለዚህ ነው፤ እያንዳንዱ ዋሌት ስሙንና አይኮኑን ይዞ ራሱን ያስተዋውቃል፣ ተጠቃሚው ይመርጣል። ተራ የስልክ ብራውዘር ላይ ደግሞ ኦብጀክቱ ጭራሽ ስለማይኖር ገጹን ከስልክ ዋሌት ጋር የሚያገናኘው ዋሌትኮኔክት ያስፈልጋል። እዚህ ደረጃ ስትደርሱ በእጅ መጻፉን ትታችሁ ዋግሚ የሚባለውን የሪአክት ላይብረሪ ተጠቀሙ ባይ ነኝ፤ ‹ዩዝ-ኮኔክት› እና ‹ዩዝ-ዲስኮኔክት› የሚሉ ሁኮች አሉት፣ ይሄን ሁሉ ውስጥ ለውስጥ ይጨርስላችኋል። የራሳችሁን አንዴ ከጻፋችሁ ግን ዋግሚ ሲያስቸግር የት እንደምትፈልጉ ታውቃላችሁ።

አደራ የምለው፣ ዋሌት ተገናኘ ማለት ሰውዬው ሎግኢን አደረገ ማለት አይደለም። ከብራውዘር የመጣን አድራሻ ማንም አስመስሎ ወደ ሰርቨራችሁ ሊልክ ይችላል። ሰርቨሩ አንዴ ብቻ የሚያገለግል ኖንስ (የዘፈቀደ ኮድ) ይስጥ፣ ተጠቃሚው ኖንሱ ያለበትን መልእክት በዋሌቱ ይፈርም፣ ሰርቨሩ ፊርማውን ከአድራሻው ጋር ያመሳክር። የመልእክቱ አጻጻፍ ኢአይፒ-4361 ላይ ተቀምጧል፣ እሱን ተከተሉ። ሴሽን የሚከፈተው ፊርማው ከተረጋገጠ በኋላ ነው።