ግሬድል የጻፈውን ፖም በእጅ አትነካኩ

እዚህ ጅማ አብረውኝ ኮድ የሚጽፉ ልጆች ደጋግመው ሲቸገሩበት ስላየሁ ልንገራችሁ። ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራመሮች የሚጠቀሙበት ኮድ) ስትለቁ ግሬድል የሚባለው የቢልድ መሣሪያ የሚያመነጨውን ፖም ፋይል፣ ማለትም የላይብረሪውን መረጃ የያዘውን የኤክስኤምኤል ፋይል፣ ከፍታችሁ በእጅ አታርሙት። ፋይሉ እንደገና ሲመነጭ እርማታችሁ ይጠፋል፤ ልፋታችሁን ውሃ በላው ማለት ነው። ማስተካከያው የሚገባው ለግሬድል ትእዛዝ የምትጽፉበት ቢልድ ስክሪፕቱ ላይ ነው። ለመልቀቅ የሚያገለግለውን ሜቨን ፐብሊሽ ፕለጊን ጨምሩ፤ ከዚያ ፐብሊኬሽኑ (የሚለቀቀውን የምትገልጹበት ክፍል) ውስጥ «ፖም» የሚል ብሎክ ክፈቱና ስም፣ መግለጫ፣ ዩአርኤል፣ ላይሰንስ፣ ዴቨሎፐሮችንና የሶርስ ኮዱን አድራሻ እዚያ ጻፉ። ላይብረሪዎች ለሁሉም የሚለቀቁበት ማከማቻ፣ ሜቨን ሴንትራል፣ እነዚህ ካልተሟሉ አይቀበላችሁም። እኔ ላይሰንሷን ረስቼ አንድ ምሽት ሙሉ ተጉላልቻለሁ፤ ቡናዬም ቀዘቀዘ። የፖሙን ኤክስኤምኤል በቀጥታ በኮድ የምትቀይሩበት «ዊዝ ኤክስኤምኤል» የሚባለው መንገድም አለ፤ ብሎኩ የማይችለው ነገር ሲገጥማችሁ ብቻ ንኩት። ከመልቀቃችሁ በፊት ደግሞ ፖም አመንጪውን ታስክ (የግሬድል ሥራ) ለብቻው አስኪዱት። ወደ ውጭ ምንም አይልክም። ውጤቱን ቢልድ ፎልደር ውስጥ፣ ፐብሊኬሽንስ ስር ታገኙታላችሁ።