ራግቢ ክለብ ሲገዛና ሊግ ሲደራጅ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የእንግሊዝ ራግቢ ፕሪሚየርሺፕ የ2022–23ን ውድድር በ13 ክለቦች ጀምሮ ቀጣዩን በ10 ጀመረ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዎስተር፣ ዋስፕስና ለንደን አይሪሽ ዘጠኝ ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከሊጉ ወጡ። ያወጣቸው የሜዳ ሽንፈት አልነበረም፤ ለንደን አይሪሽ እንዲያውም ውድድሩን 5ኛ ሆኖ ጨርሶ ነው የታገደው። ለክለብ ገዥም ሆነ ለሊግ አደራጅ የሚከተሉት ስህተቶች ከዚያ ዘመን የተወሰዱ ናቸው ማለት ይቻላል።

የባለቤቱን ኪስ እንደ ገቢ መቁጠር

ዋናው ይኸ ነው፤ ሌሎቹ አብዛኞቹ የሚወለዱት ከዚሁ ነው። 10 ክለብ ባለበት ሊግ አንድ ክለብ በሜዳው የሚያደርገው 9 የሊግ ጨዋታ ብቻ ነው። የእንግሊዝ እግር ኳስ ፕሪሚየር ሊግ ክለብ 19 ያገኛል። ለምሳሌ በአማካይ 10,000 ተመልካች መጥቶ እያንዳንዱ 25 ፓውንድ ቢከፍል፣ የዓመቱ የመግቢያ ገቢ 2.25 ሚሊዮን ፓውንድ ይሆናል። በ2024–25 የደመወዝ ጣሪያው፣ ማለትም አንድ ክለብ በዓመት ለተጫዋቾቹ እንዲከፍል የሚፈቀድለት መጠን፣ መነሻው 6.4 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። አሰልጣኙ፣ ሐኪሙና የአካዳሚው ወጪ ገና አልተነካም። ጨዋታው 15 ተሰላፊና 8 ተቀያሪ ይፈልጋል፤ ጉዳት ስለሚበዛም ከ35 ባነሰ ተጫዋች ዓመቱን መዝለቅ ይከብዳል። ቴሌቪዥንና ስፖንሰር የጉድለቱን ከፊል ይሞላሉ፣ ቀሪውን ባለቤቱ ይጨምራል።

በጀት ሲወጣ የባለቤቱ መዋጮ ይሰረዝና ክለቡ ያለ እሱ ስንት ወር ደመወዝ መክፈል እንደሚችል ይቆጠር። የለንደን አይሪሽ ባለቤት ክለቡን ሊሸጥ ሲሞክር ከአሜሪካ የመጡት ገዥዎች ግዢውን በተሰጠው ቀን ሳይፈጽሙ ቀሩ። ጁን 6 ቀን 2023 ክለቡ ታገደ። ሁለተኛ ዕቅድ አልነበረውም።

ምን እንደሚገዙ አለማወቅ

ክለብ በአንድ ስም ቢጠራም በውስጡ ብዙ ኩባንያ ሊኖር ይችላል፦ አንዱ ስታዲየሙን፣ ሌላው በዙሪያው ያለውን መሬት፣ ሦስተኛው የተጫዋቾቹን ውል ይይዛል። ዎስተር በሴፕቴምበር 2022 ለኪሳራ አስተዳዳሪዎች ተላለፈ። ከቀናት በኋላ ፍርድ ቤት በግብር ዕዳ ምክንያት የተጫዋቾችን ውል የያዘውን ኩባንያ እንዲፈርስ ሲያዝ፣ ውሎቹ በዚያው ቀን ፈረሱ። ሜዳው ባለበት ቀርቶ ቡድኑ ተበተነ።

ከመፈረም በፊት የመሬቱን ካርታ፣ የእያንዳንዱን ውል አሠሪ ስምና ከሠራተኛ ደመወዝ የተቀነሰው ግብር ገቢ የተደረገበትን የየወሩን ደረሰኝ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሻጩ ደረሰኙን «በኋላ እናመጣለን» ካለ ግዢው ይቁም። በሊጉ ውስጥ ያለው አክሲዮንም ለብቻው ይታይ፤ ሊጉ በጋራ ከሚሰበስበው ገቢ የክለቡ ድርሻ የሚመጣው በእሱ በኩል ነው።

በብድር ስታዲየም መግዛት

ዋስፕስ በ2014 መጨረሻ ከሃይ ዊኮም ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ወደ ኮቨንትሪ ሄደ። ከ30,000 በላይ ወንበር ያለው ስታዲየም ገዝቶ በ2015 የ35 ሚሊዮን ፓውንድ ቦንድ በ6.5 ከመቶ ወለድ ሸጠ። የቦንዱ መክፈያ ጊዜ በሜይ 2022 ሲደርስ መክፈል አልቻለም፤ በኦክቶበር ክለቡ ወደቀ። ስህተቱ ስታዲየም መፈለጉ ሳይሆን፣ ዋናው ብድር በአንድ ቀን ተጠቃሎ የሚመለስ መሆኑና ይህን ቀን የሚጠብቅ ቁጠባ አለመኖሩ ነው። ከየዓመቱ ገቢ ላይ ለዋናው ዕዳ የተነሳ ገንዘብ ከሌለ ቦንድ አይሸጥ።

የአንድ ጊዜ ገንዘብን ለደመወዝ ማዋል

ሲቪሲ የተባለው የኢንቨስትመንት ድርጅት በ2018 መጨረሻ በተስማማው መሠረት ከ200 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ከፍሎ የሊጉን 27 ከመቶ ድርሻ ገዛ። ገንዘቡ አንዴ ይገባል፤ የተሸጠው ግን የወደፊት ዓመታት ገቢ ነው። እንዲህ ያለ ገንዘብ ዕዳ ለመክፈል ወይም የተመልካች መቀመጫ ለመሥራት ይዋል። ለአንድ ኮከብ የሦስት ዓመት ውል ከዋለ፣ ውሉ ሲያልቅ ገንዘቡም ኮከቡም የሉም።

ዘግይቶ መቆጣጠር

የዚሁ ሊግ ክለብ ሳራሰንስ ለሦስት የውድድር ዘመናት የደመወዝ ጣሪያውን መተላለፉ ተረጋግጦ በኖቬምበር 2019 5.36 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጣ፣ 35 ነጥብ ተቀነሰበት፤ በኋላም ወደ ታች ሊግ ወረደ። ዋንጫዎቹ ግን ቀድመው ተነስተዋል። ፈረንሳይ ውስጥ የክለቦችን ሂሳብ የሚመረምር አካል አለ፤ ያልጠራበትን ክለብ ውድድር ከመጀመሩ በፊት እስከ ማውረድ ይሄዳል። የትኛው እንደሚሻል ብዙ ክርክር አያስፈልገውም።

የማደጊያውን በር መዝጋት

ኢሊንግ በ2021–22 ሁለተኛውን ሊግ አሸንፎ አላደገም፤ የሊጉ መመዘኛ 10,001 ተመልካች የሚይዝ ስታዲየም ይጠይቅ ነበር። ጀርሲ ሬድስ በ2022–23 ይህንኑ ዋንጫ ወስዶ በሴፕቴምበር 2023 ተዘጋ። ዝግ ሊግ ለባለ ገንዘብ ይመቻል፣ ከታች ያሉት ግን ገንዘብ የሚያወጡበት ምክንያት ያጣሉ። መቀመጫውን ለምሳሌ በመጀመሪያው ዓመት 5,000፣ በሦስተኛው 7,500 እያሉ በደረጃ ማሳደግ ይቻላል።

ሳይጠይቁ ማዋሃድ

የፈረንሳይ ክለቦቹ ራሲንግ 92 እና ስታድ ፍራንሴ በማርች 2017 ሊዋሃዱ ነው ተብሎ ሲታወጅ የስታድ ፍራንሴ ተጫዋቾች አድማ መቱ፤ ዕቅዱ ሳምንት ሳይሞላው ተሰረዘ። በኦገስት 2025 የመጠጥ ኩባንያው ሬድ ቡል የኒውካስልን ራግቢ ክለብ ሲገዛ ደግሞ የክለቡ ስምም ተቀየረ። ስም፣ ማልያና ከተማ መቀየር የሚቻልበትን ሁኔታ በግዢ ውሉ ላይ ከደጋፊዎች ማኅበር ጋር አስቀድሞ መጻፍ ርካሹ መከላከያ ነው፤ የአንድ ጠበቃ የጥቂት ቀን ክፍያ ይበቃዋል።