ያለ ቪዛ በመርከብ ሲጓዙ፦ የመርከቡን ጉብኝትና የግል ጉብኝትን አጣምሮ መያዝ

የክሩዝ (የሽርሽር ጉዞ) መርከብ ወደብ ላይ ሲቆም መንገደኛው ሁለት ምርጫ አለው፤ ጉብኝቱን ከመርከቡ መግዛት ወይም የከተማውን አስጎብኚ ድርጅት ራሱ ፈልጎ መያዝ። ቪዛ በማይጠየቅበት ወደብ ይህ የዋጋና የፍላጎት ጉዳይ ነው። ቪዛ የሚጠይቅ አገር ለመርከብ መንገደኛ ብቻ በልዩ ሕግ ሲፈቅድ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሁለቱን ማጣመር ይቻላል፤ በእኔ እምነትም ከሁሉ የሚሻለው ይኸው ነው። ሥራው ግን መርከቡ ላይ ከመውጣትዎ በፊት ማለቅ አለበት።

ለማሳያ የምወስደው ሴንት ፒተርስበርግን ነው። የሩሲያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ደንብ መሠረት በክሩዝ መርከብ ወይም በፌሪ (በሁለት ወደቦች መካከል በሚመላለስ መርከብ) የሚመጣ የውጭ አገር ሰው ያለ ቪዛ እስከ 72 ሰዓት መቆየት ይችላል። ትላልቆቹ የምዕራብ አገር ክሩዝ ድርጅቶች የዩክሬን ጦርነት ከጀመረበት ከ2022 ወዲህ ከተማዋን ከመስመራቸው አውጥተዋታል፤ ስለዚህ ይህን አንብበው ነገ ቲኬት የሚቆርጡበት ወደብ አይደለም። ሆኖም እንዲህ ያለ ሕግ እንዴት እንደሚሠራ ከእሷ የተሻለ የሚያሳይ ወደብ አላውቅም። ቻይና ከ2024 ጀምሮ ያወጣችው ሕግም አጥንቱ ተመሳሳይ ነው፤ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

1. ፈቃዱ የጉብኝቱ እንጂ የእርስዎ እንዳልሆነ ይወቁ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። “72 ሰዓት ያለ ቪዛ” ሲባል ከመርከብ ወርዶ እንደ ልብ መዞር ይመስላል። አይደለም። መውረድ የሚቻለው ፈቃድ ባለው አስጎብኚ ድርጅት ጉብኝት ውስጥ ሲሆኑ ነው። ጉብኝቱ ሲያልቅ ፈቃዱም አብሮ ያልቃል፤ ወደ መርከቡ ይመለሳሉ። የክሩዝ መንገደኛ አዳሩ መርከቡ ላይ ነው፤ ከአገር የሚወጣውም በመርከብ እንጂ በባቡር ወይም በአውሮፕላን አይደለም።

ደንቡ ግን ድርጅቱ የመርከቡ ይሁን አይልም። ፈቃድ ያለው የአገሩ አስጎብኚ ይበቃል። አንዳንድ የመርከብ ሠራተኞች “ከእኛ ጉብኝት ካልገዛችሁ ቪዛ ያስፈልጋችኋል” ብለው መንገደኛ ያስፈራሉ። እውነቱ፣ ሕጋዊ የጉብኝት ቲኬት የሌለው ሰው ነው ቪዛ የሚያስፈልገው። ከሄልሲንኪ ይመላለስ የነበረው ፌሪ ይህን በጣም አቅልሎት ነበር፤ ወደ መሐል ከተማ የሚወስደው የድርጅቱ አውቶቡስ ራሱ እንደ ጉብኝት ይቆጠር ስለነበር የአውቶቡሱን ቲኬት የገዛ ሰው መሐል ከተማ ወርዶ በእግሩ ይዞር ነበር። የክሩዝ መርከብ መንገደኛ ይህ ዕድል አልነበረውም።

2. ፓስፖርትዎን ከመስመሩ ሁሉ ጋር ያስተያዩ

የባልቲክ ክሩዝ የሚነሳው ከኮፐንሃገን፣ ከስቶክሆልም ወይም ከሌላ የሸንገን (በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) ወደብ ነው። ከዚያ ወደ ሩሲያ መሻገር ከሸንገን መውጣት ነው፤ በማግስቱ ታሊን ወይም ሄልሲንኪ ሲደርሱ እንደገና መግባት ይሆናል። ከዱባይ ወይም ከሪያድ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚመጣ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ የሸንገን ቪዛ ይዞ ከሆነ ችግር ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ሲያመለክቱ ብዙ ጊዜ የሚያስገባውን ይጠይቁ። የሩሲያው ሕግ ዜግነት ባይለይም የመንገዱ ሌሎች አገሮች ይለያሉ።

የአሜሪካ ፓስፖርት ያላቸው ወገኖቻችን ለሸንገኑ አይጨነቁም፤ የሩሲያው ደንብ ግን ያስፈልጋቸዋል። የእስራኤል ፓስፖርት ያላቸው ደግሞ ነፃ ናቸው፤ እስራኤልና ሩሲያ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ እርስ በርስ ቪዛ መጠየቅ ስለተዉ ያለ ምንም ጉብኝት ከወደቡ መውጣት ይችላሉ። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሦስት ዓይነት ፓስፖርት በሚገኝበት በእኛ ሁኔታ፣ እያንዳንዱን ሰው ለየብቻ ማየት ግድ ነው።

3. ከዋጋ በፊት የሚዘጉባቸውን ቀናት ያስቀምጡ

መርከቡ ሁለት ቀን ቆመ ማለት ሁሉ ነገር ሁለቱንም ቀን ክፍት ነው ማለት አይደለም። ኤርሚታዥ ሙዚየም ሰኞ ዝግ ነው፤ የፒተርሆፍ ታላቁ ቤተ መንግሥትና ኩንስትካመራ የሚባለው ሙዚየምም እንዲሁ። የዝነኛው ዐምበር ክፍል ባለቤት የሆነው የካትሪን ቤተ መንግሥት የሚዘጋው ማክሰኞ ነው። የሩሲያዊው ባለቅኔ የፑሽኪን ቤትም ማክሰኞ ነው የሚዘጋው። ከዚህ ሌላ ብዙዎቹ በወሩ መጨረሻ አካባቢ ለጽዳት የሚዘጉበት ተጨማሪ ቀን አላቸው።

መርከቡ ሰኞና ማክሰኞ የሚቆም ከሆነ እንግዲህ መልሱ ራሱ ወጣ፤ ሰኞ የካትሪን ቤተ መንግሥትና የፑሽኪን ቤት፣ ማክሰኞ ኤርሚታዥና ኩንስትካመራ። ይህን በአንድ ወረቀት ላይ ከሳሉ በኋላ ነው “ከማን ልግዛ” የሚለው የሚመጣው።

4. ሩቁን ለመርከቡ ይስጡ፣ ቅርቡን ለራስዎ ያድርጉ

መርከቡ ራሱ የሸጠው ጉብኝት ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቃል። በግል የያዙት ቢዘገይ አይጠብቅም። ያለ ቪዛ በገባ ሰው ላይ ደግሞ ይህ ከሌላው ወደብ የከፋ ነው፤ መርከቡ ጥሎት ከሄደ በእጁ ቪዛ የለም፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሄዶ ቲኬት መቁረጥ ብቻውን አያወጣውም። እኔ ሳከፋፍል የምመራበት ሐሳብ ከዚህ የመጣ ነው።

የካትሪን ቤተ መንግሥት ከከተማው በስተ ደቡብ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ፒተርሆፍ በስተ ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የበጋ የመንገድ ጭንቅንቅ አለ፣ ወረፋ አለ። እነዚህን ከመርከቡ ይግዙ፣ በተለይ መርከቡ በሚነሳበት ቀን። አውቶቡስ ሙሉ ሰው ይዞ መሄዱ ያሰለቻል፤ ግን የገዙት ዋስትናውን ነው።

መሐል ከተማው ግን የእርስዎ ነው፤ የግል ጉብኝት ዋጋው የሚታየውም እዚህ ነው፤ የመርከቡ ዝርዝር ውስጥ የማይገቡ ቦታዎች አሉና። ሞይካ ወንዝ ዳር ቁጥር 12 ላይ ያለው ቤት አሌክሳንደር ፑሽኪን በሁለት ሰዎች የሽጉጥ ፍልሚያ ቆስሎ እ.ኤ.አ. በ1837 ያረፈበት ነው። የጽሕፈት ጠረጴዛው ላይ አንድ የቀለም ዕቃ አለ፤ መልህቅ ተደግፎ የቆመ ትንሽ ጥቁር ልጅ ይታይበታል። ወዳጁ ናሽቾኪን የአያቶቹን ነገር እያነሳ የላከለት ስጦታ ነው። ቅድመ አያቱ አብራም ጋኒባል በታላቁ ጴጥሮስ ቤት አድጎ ጄኔራል እስከ መሆን የደረሰ ሰው ነው። በእኛ ዘንድ ትውልዱ በዛሬዋ ኤርትራ ከሎጎ እንደሆነ ሲነገር ኖሯል፤ ወደ ካሜሩን የሚወስዱት ተመራማሪዎችም አሉ። ሳር ቤት አጠገብ ባለው ፑሽኪን አደባባይ ሲመላለስ የኖረ ሰው ያን ጠረጴዛ ሳያይ ከከተማዋ ቢመለስ ይቆጨኛል።

ኩንስትካመራም ሌላ ነው። ሩሲያዊው ገጣሚ ኒኮላይ ጉሚልዮቭ እ.ኤ.አ. በ1913 ወደ ድሬዳዋና ሐረር ተልኮ የሰበሰባቸው የአገራችን ቅርሶችና ፎቶዎች የዚህ ሙዚየም ንብረት ናቸው። ሙዚየሙ ያለው በቫሲሊየቭስኪ ደሴት ላይ ነው፤ ትላልቅ መርከቦች የሚቆሙበት ወደብም እዚያው ደሴት ላይ ነው። በግል ለመያዝ ከዚህ የሚቀል የለም።

5. የግሉን አስጎብኚ በጽሑፍ ይያዙ

ድርጅቱን የሚከተሉትን በኢሜይል ይጠይቁና መልሱን ያስቀምጡ። ለመርከብ መንገደኞች ያለ ቪዛ የሚያስወርድ የጉብኝት ቲኬት ይሰጣል ወይ? ቲኬቱ ላይ ስምና የፓስፖርት ቁጥር አለ ወይ? ከሌላ ጉብኝት ጋር በአንድ ቀን ለሚያጣምር ሰው ለየሰዓቱ የተለየ ቲኬት ያወጣል ወይ? መርከቡ ወደቡን ቢዘል ገንዘቡ ይመለሳል ወይ? መጨረሻ ላይ ደግሞ መርከቡ ቢያመልጠኝ ምን ታደርጋላችሁ ብለው ይጠይቁ። ጥሩ ድርጅት ለዚህ ቀድሞ የተዘጋጀ መልስ አለው፤ ዙሪያ ጥምጥም የሚሄደውን ይተዉት።

ስምዎን ፓስፖርቱ ላይ በተጻፈው ፊደል ልክ ይላኩ። የአባትና የአያት ስም ቦታ መቀያየር ለእኛ የተለመደ ችግር ስለሆነ የፓስፖርቱን የመጀመሪያ ገጽ ፎቶ አብሮ መላክ ይሻላል።

6. በሁለቱ መካከል ያለውን ሰዓት ያስሉ

ጠዋት በግል፣ ማታ ከመርከቡ ጋር ባሌት ማየት ጥሩ አደራደር ነው። ነገር ግን የግሉ ጉብኝት ሲያልቅ መሐል ከተማ ወርደው “የመርከቡን ቡድን ቲያትሩ በር ላይ እጠብቃለሁ” ማለት አይቻልም፤ በመካከል ያለው ሰዓት የማንም ጉብኝት አይደለም። ወደ ወደቡ ተመልሰው በፓስፖርት ቁጥጥር አልፈው መርከቡ ውስጥ ይገባሉ፤ ከዚያ ለሁለተኛው እንደገና ይወጣሉ። በመካከላቸው ቢያንስ 2 ሰዓት ይተዉ። መጀመሪያ የሚወርዱት አብዛኛውን ጊዜ የመርከቡ ጎብኚዎች ስለሆኑ የግሉንም መነሻ በዚያ ልክ ዘግየት ያድርጉት።

ሰዓቱን ሲጽፉ ይጠንቀቁ። ሴንት ፒተርስበርግ ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ሰዓት ነው፤ ስቶክሆልም በበጋ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ መርከቡ ደግሞ ሰዓቱን ላይለውጥ ይችላል። ለአስጎብኚው 08:00 ያሉትን ለእናትዎ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ብለው ሲነግሩ፣ የመርከቡ ነው የከተማው የሚለውንም አብረው ይንገሯቸው።

7. የመውረጃው ጠዋት

ፓስፖርቱንና የታተመውን ቲኬት በአንድ እጅ ይያዙ፤ ስልክ ላይ ያለ ፎቶ አይበቃም ብለው ይነሱ። መኮንኑ ሁለቱን ያያል፣ ማህተም ይመታል፣ ይለፉ ይላል። የሁለቱን ጉብኝት ቲኬቶች በአንድ ላይ አያሳዩት፤ በዚያ ሰዓት የሚወጡበትን ብቻ ይስጡ። ሲመለሱም ሆነ ሁለተኛ ሲወጡ ይኸው ይደገማል፤ ስለዚህ ቲኬቱን አይጣሉት።

8. ዛሬ በቻይና ለሚሞክሩት

ቻይና ከሜይ 15 ቀን 2024 ጀምሮ ሻንጋይንና ቲያንጂንን ጨምሮ በ13 የባሕር ዳር ከተሞች፣ በክሩዝ የሚመጡ የውጭ አገር ጎብኚ ቡድኖች ያለ ቪዛ እስከ 15 ቀን እንዲቆዩ ፈቅዳለች። ቡድኑ ከ2 ሰው ማነስ የለበትም፤ የሚያስተናግደው የቻይና አስጎብኚ ድርጅት መሆን አለበት፤ ቡድኑ በሙሉ በአንድነት ገብቶ በዚያው መርከብ ወደሚቀጥለው ወደብ ይሄዳል። መዘዋወር የሚቻለውም በባሕር ዳር ግዛቶችና በቤጂንግ ነው።

እዚህ “ቡድን” የሚለው ቃል ከሩሲያው ይበልጥ ጥብቅ ነው። ስለዚህ የግል ጉብኝት ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ለክሩዝ ድርጅቱ በጽሑፍ ይህን ይጠይቁ፦ “በቡድን ስም ያለ ቪዛ ስገባ በሌላ የቻይና አስጎብኚ የተያዘ ጉብኝት ላይ መሄድ እችላለሁ? ዝርዝሩ ላይ ስሜን የሚያስገባው ማነው?” መልሱ አዎ ከሆነ ሩቁን ለመርከቡ፣ ቅርቡን ለራስ የሚለው ሐሳብ እዚህም ይሠራል። ከቲያንጂን ወደብ ቤጂንግ ደርሶ መመለስ ቀኑን ሙሉ የሚበላ ጉዞ ስለሆነ ከመርከቡ ይግዙት፤ ሻንጋይን በግል ይያዙ። የተከለከለው ከተማ የሚባለው ቤተ መንግሥት ሰኞ ይዘጋል፤ ቲኬቱም በፓስፖርት ቁጥር ቀድሞ የሚያዝ ነው። ክሩዝ ድርጅቱ የላከልዎትን መልስ አትመው ከፓስፖርቱ ጋር ይያዙ፤ ወደቡ ላይ ያለው ሠራተኛ ኢሜይሉን የጻፈልዎት ሰው አይሆንም።