የመጀመሪያ ስፖርት ሞተር ሳይክልዎን ያገለገለ ሲገዙ

አሜሪካ ውስጥ ስፖርት ሞተር ሳይክል ለመጀመር ያሰበ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው የሞተራቸው መጠን 600 ሲሲ የሆኑት ላይ ነው። ያገለገለ ያማሃ አር 6 ወይም ሱዙኪ ጂኤስኤክስ-አር 600 ከአንድ አዲስ ትንሽ ሞተር ሳይክል ብዙም ባልራቀ ዋጋ ስለሚገኝ "ታዲያ ትንሿን ምን አስገዛኝ?" ያሰኛል። እነዚህ ግን ከ100 የፈረስ ጉልበት በላይ ያላቸው፣ ለእሽቅድምድም የታሰቡ ናቸው። የጀማሪ እጅ ገና አልተገራም፤ ጉድጓድ ሲመታ ሳያስበው ነዳጅ ይሰጣል፣ ሲደነግጥ የፊት ፍሬኑን ጭብጥ ያደርጋል። 300 ሲሲ ላይ እንዲህ ያለው ስሕተት ብዙ ጊዜ በድንጋጤ ያልፋል፤ 600 ላይ አስፋልት ላይ ያነጥፋል። ኢንሹራንሱም ሌላ ጣጣ ነው። ሻጭ ከማነጋገርዎ በፊት ለሁለቱም ዋጋ ይጠይቁ፤ ብዙ ሰው ሐሳቡን የሚቀይረው እዚያው ስልኩ ላይ ነው።

ሌላው መታወቅ ያለበት ነገር፦ ጀማሪ ሞተር ሳይክል ይጥላል። አብዛኛውን ጊዜ የምትወድቀውም ቆማ ነው። ፓርኪንግ ውስጥ ስትዞር፣ የማቆሚያ እግሯ በደንብ ሳይዘረጋ፣ መሪው ተጠምዞ እያለ የፊት ፍሬን ሲያዝ። ስፖርት ሞተር ሳይክል ዙሪያዋን በፕላስቲክ የተሸፈነች ስለሆነች አንድ መውደቅ ብቻውን በመቶዎች ዶላር የሚገመት ሽፋን ይሰብራል። ስለዚህ ቀለሟ የተጫጫረ፣ ሻንሲዋ ግን ቀጥ ያለ፣ ሞተሩ በእንክብካቤ የተያዘ፣ ወረቀቷም ንጹሕ የሆነችውን ይፈልጉ። ጭረቱ ዋጋ ያስቀንስልዎታል፤ እርስዎም ሌላ ጭረት ሲጨምሩባት አንጀትዎ አያርም።

ከመግዛትዎ በፊት ኤም.ኤስ.ኤፍ የሚባለውን የሞተር ሳይክል ደኅንነት ድርጅት የጀማሪዎች ኮርስ ይውሰዱ። ማሠልጠኛው የራሱን ትንንሽ ሞተር ሳይክሎች ያቀርባል፤ በብዙ ስቴቶችም ኮርሱን ማለፍ የመንጃ ፈቃድ ሰጪውን መሥሪያ ቤት፣ የዲ.ኤም.ቪን የመንዳት ፈተና ያስቀራል። ከያዙት ገንዘብ ላይም ቢያንስ 700 ወይም 800 ዶላር ለሄልሜት፣ ለጃኬት፣ ለጓንትና ለቡት ያስቀምጡ። ሄልሜት ያገለገለ አይገዛም፤ ወድቆ ከሆነ ውስጡ መጎዳቱ ከውጭ አይታይም።

የትኛዋን?

ካዋሳኪ ኒንጃ 250 አር፣ ከ2008 እስከ 2012 የተሠራችው፣ ከሁሉም በርካሽ ትገኛለች። ሁለት ሲሊንደር ናት፤ ክብደቷ ከነነዳጇ 170 ኪሎ ገደማ ነው። አሜሪካ ውስጥ የተሸጠችው ካርቡራቶር ያላት ስለሆነች ዋናው በሽታዋ ከመቆም የሚመጣ ነው። ክረምቱን ጋራዥ ስትከርም በካርቡራቶሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ይደርቅና ነዳጅ የሚያልፍባቸውን ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ምልክቱ፦ በቾክ (በብርድ ለማስነሳት በሚያገለግለው መያዣ) ብቻ ትነሳለች፣ ቾኩ ሲመለስ ትጠፋለች፣ ወይም ነዳጅ በትንሹ ሲሰጣት ትንተባተባለች። ሻጩ "ካርቡራቶሩን ማጽዳት ብቻ ነው የሚያስፈልጋት" ካለ፣ ሥራው ሽፋኑንና ታንኩን ማውለቅ ስለሚጠይቅ የሰዓታት የእጅ ዋጋ እንዳለው ያስቡና ከዋጋው ያስቀንሱ። ከ2008 በፊት ያለችው ደግሞ ባለ 16 ኢንች ቸርኬ ናት፤ ለእሷ የሚሆን ጎማ ምርጫው ጠባብ ነው።

ኒንጃ 300 ከ2013 እስከ 2017 አሜሪካ ውስጥ የተሸጠች ሲሆን ለብዙ ጀማሪ የምትመከረው እሷ ናት። 296 ሲሲ ናት፤ ካርቡራቶር የላትም፣ ነዳጅ የሚረጨው በኤሌክትሮኒክስ ነው፤ ስለዚህ ከመቆም የሚመጣው ጣጣ ያነሰ ነው። ፍሪሲዮኗ ለእጅ ቀላል ነው። ከዚህም በላይ ጀማሪ ማርሽ በችኮላ ሲቀንስ የኋላ ጎማው እንዳይነጥር ፍሪሲዮኑ በመጠኑ ይንሸራተትለታል።

ሆንዳ ሲቢአር 250 አር (ከ2011 እስከ 2013) ባለ አንድ ሲሊንደር ናት። ከታች ጀምሮ ጉልበት ስላላት ከተማ ውስጥ ለመነሳትና ለመቆም ከኒንጃዎቹ ትቀላለች፤ ክብደቷም 162 ኪሎ አካባቢ ነው። በሃይዌይ ላይ በሰዓት 70 ማይል ለረጅም ጊዜ ሲነዷት ግን ትንቀጠቀጣለች። ዕለት ዕለት ቤልትዌዩን (ዲሲን የሚዞረውን ሃይዌይ) ለሚመላለስ ሰው ሁለት ሲሊንደር ይሻለዋል።

ያማሃ አር 3 በ2015 የመጣች፣ 321 ሲሲ ሁለት ሲሊንደር ናት። የ2015 እና የ2016 ሞዴሎቿ በፍሪሲዮንና በዘይት ፓምፕ ችግር ምክንያት ለነጻ ጥገና ተጠርተው ነበር፤ መሠራቱን ሳያረጋግጡ አይግዙ። በ2018 የወጣችው ኒንጃ 400 ከ300ዋ ጉልበቷ ይበልጣል፣ ክብደቷ ግን ያንሳል። ጥሩ ናት፤ ፈላጊዋ ስለበዛ ግን ዋጋዋ ቶሎ አይወርድም።

የሁሉም መቀመጫ ከመሬት 78 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሙሉ ጫማዎ መሬት ካልነካ አይጨነቁ፤ የሁለቱም እግሮችዎ ፊተኛ መዳፍ ከረገጠ ይበቃል። ኤቢኤስ (ፍሬን በኃይል ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከል) ያላት በተቀራራቢ ዋጋ ከተገኘች እሷን ይውሰዱ።

ከቤት ሳይወጡ

ሻጩ የቪን ቁጥሩን (የሞተር ሳይክሏን መለያ) እና የታይትሉን (የባለቤትነት ወረቀቷን) ፎቶ እንዲልክልዎ ይጠይቁ። ቪን 17 ፊደልና ቁጥር ነው፤ 10ኛው የሞዴሉን ዓመት ይናገራል፦ ቢ 2011፣ ሲ 2012፣ ዲ 2013፣ ኢ 2014፣ ኤፍ 2015፣ ጂ 2016፣ ኤች 2017፣ ጄ 2018። "2015 ናት" የተባለችው ዲ ካለባት ውይይቱ ከሌላ ዋጋ ይጀምራል። ቁጥሩን ኤን.አይ.ሲ.ቢ በሚባለው የኢንሹራንስ ወንጀል መከላከያ ድርጅት ገጽ ላይ በነጻ ያስገቡ፤ ተሰርቃ ወይም ኢንሹራንስ "ተበላሽታለች" ብሎ ጥሏት ከሆነ እዚያ ሊወጣ ይችላል። በፌዴራሉ የመንገድ ትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ በኤን.ኤች.ቲ.ኤስ.ኤ ገጽ ላይ ደግሞ ያልተሠራላት የፋብሪካ ጥሪ ካለ ያያሉ።

ታይትሉ ላይ ያለው ስም የሻጩ መሆን አለበት። "የጓደኛዬ ናት"፣ "ታይትሉ ጠፍቶ ነው፣ በደረሰኝ እሸጥልሃለሁ" ከተባለ ዋጋው ምንም ቢረክስ ይተዉት። ባንክ ዕዳ ካለባት ክፍያውን ባንኩ ዘንድ ሄደው ይጨርሱ።

ለሻጩ አንድ ነገር አጥብቀው ይንገሩት፦ "እስክመጣ እንዳታስነሳት።" ሲደርሱ መጀመሪያ የሞተሩን ሽፋን በእጅዎ ጀርባ ይንኩ። ትኩስ ከሆነ ቀድሞ አሙቋታል ማለት ነው፤ ብርድ ላይ አልነሳ የምትል ሞተር ሳይክል አንዴ ከሞቀች ጤነኛ ትመስላለች። እስክትቀዘቅዝ ይጠብቁ ወይም ሌላ ቀን ይመለሱ።

ወድቃ የነበረችውን መለየት

የእጀታ ጫፎችን፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን መያዣዎችን ጫፍ፣ የእግር መርገጫዎቹን፣ የሞተሩን የጎን ሽፋንና ማርሚታውን ይመልከቱ። በአንድ ጎን ብቻ፣ አጭርና የተጨፈለቀ ጭረት ከሆነ ቆማ ወድቃለች፤ ይህ ይቅር የሚባል ነው። ወደ አንድ አቅጣጫ የተሳቡ ረጃጅም መስመሮች ግን በፍጥነት እየሄደች አስፋልት ላይ መንሸራተቷን ያሳያሉ።

ከዚያ ሻጮች ብዙ ጊዜ የሚረሱትን ቦታ ይፈትሹ። መሪው እስከ ዳር ሲዞር ሻንሲውን ገጭቶ የሚቆምባቸው ሁለት ትንንሽ የብረት ጉብታዎች አሉ፤ በባትሪ መብራት አጎንብሰው ይዩአቸው። አንደኛው ከተጨፈለቀ፣ ቀለሙ ከተሰነጠቀ ወይም እንደገና ከተበየደ፣ መሪው ከልኩ በላይ በኃይል ተገፍቷል፤ ሻንሲው ተጣሞ ሊሆን ይችላል። ፕላስቲኩ አዲስና የሚያብረቀርቅ ሆኖ እዚህ ቦታ ጉዳት ካለ አመስግነው ይሂዱ። የሽፋን ብሎኖች ጎድለው በፕላስቲክ ማሰሪያ መታሰራቸው፣ ሁለቱ ጎኖች ቀለማቸው በትንሹ መለያየቱም የሚናገረው አለ።

ከኋላ ተቀምጠው ሁለቱ ጎማዎች በአንድ መስመር መሆናቸውን ይዩ። የፊት ጎማውን የያዘውን ፎርክ ሁለት ቱቦዎች በጣትዎ ይጥረጉ፤ ዘይት ከወጣ የሚያግደው ጎሚኒ አልቋል። የፊት ጎማውን ከመሬት አስነስተው መሪውን ቀስ ብለው ያዙሩት፤ ልክ መሐል ላይ ሲደርስ ቀጭ ብሎ የሚይዝ ከሆነ የመሪው ኩሽኔታ ተበልቷል።

ሰንሰለት፣ ጎማ፣ ፍሬን

ሰንሰለቱን ከኋላኛው ጥርሳም ክብ ጀርባ ላይ ይዘው ወደ ኋላ ይጎትቱት። ከጥርሱ ግማሽ ያህል ከተነሳ አልቋል። ጥርሶቹም ወደ አንድ ጎን እንደ ማጭድ ከታጠፉ ሰንሰለቱንና ሁለቱን ክቦች አንድ ላይ መቀየር ነው፤ አዲስ ሰንሰለት አሮጌ ጥርስ ላይ ቶሎ ይበላል። የኋላ ጎማውን እያዞሩ ልልነቱን ሦስት አራት ቦታ ላይ ይለኩ፤ አንድ ቦታ ላልቶ ሌላ ቦታ ከተወጠረ አንዳንዱ መገጣጠሚያ ደርቋል። ትክክለኛው ልክ ብዙውን ጊዜ የኋላ ጎማውን በያዘው ክንድ ላይ ተለጥፎ ይገኛል።

ጎማው ጎን ላይ ከዲኦቲ (DOT) ምልክት ጋር ያሉት የመጨረሻ አራት ቁጥሮች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይነግሩዎታል፦ 2319 ማለት በፈረንጆች አቆጣጠር የ2019 23ኛ ሳምንት ነው። ትንንሽ ሞተር ሳይክሎች ብዙ ስለማይነዱ ጥርሱ ሙሉ የሆነ፣ ነገር ግን አርጅቶ የደረቀ ጎማ በብዛት ያጋጥማል። ከአምስት ስድስት ዓመት ያለፈ ጎማ በተለይ ዝናብ ላይ መንገድ አይዝም። ሁለቱን ማስቀየር ከነማስገጠሚያው 300 ዶላር አካባቢ ሊደርስ ስለሚችል ድርድር ውስጥ ያስገቡት።

የፍሬን ሸራው ውፍረት ወደ 1 ሚሊ ሜትር ከወረደ አልቋል። የፍሬን ዘይቱን በማጠራቀሚያው መስኮት ይዩ፤ ከጠቆረ ለዓመታት አልተቀየረም። መያዣው ሲጨመቅ እንደ ልብ እየገባ እጀታው ጋ የሚደርስ ከሆነ ውስጡ አየር አለ።

ሞተሩና ኤሌክትሪኩ

ዘይቱን በሞተሩ ጎን ባለው መስታወት ያዩታል፤ ሞተር ሳይክሏ ቀጥ ብላ መቆም አለባት፤ በማቆሚያ እግሯ ስታጋድል የሚታየው ልክ አይደለም። ይህ ለኒንጃ 250 በተለይ ወሳኝ ነው። በሃይዌይ ፍጥነት ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ስለሚሠራ ዘይት በመጠኑ ይቀንሳል፤ ባለቤቱ መስታወቱን የማያይ ከሆነ ውስጡ ያሉት ብረቶች በደረቁ ይፋጫሉ። ነጣ ያለ አረፋማ ዘይት ካዩ ውኃ ገብቶበታል።

ሲያስነሷት ከሥር የሚያንኳኳ ከባድ ድምፅ መኖር የለበትም። ቀለል ያለ የቫልቭ ቲክ ቲክ ግን የሚያስፈራ አይደለም፤ እንዲያውም በእነዚህ ሞተሮች ላይ ቫልቩ ሲጠብ ድምፁ ይጠፋል፣ በብርድ መነሳትም ያስቸግራል። የቫልቭ ክፍተት መቼ እንደተለካ ይጠይቁ። 12,000 ማይል ነድታ ደረሰኟ የተሟላ ሞተር ሳይክል፣ 2,000 ማይል ብቻ ነድታ ስድስት ዓመት ጋራዥ ከቆመችው ትበልጣለች።

በ20 ዶላር የሚገዛ የቮልት መለኪያ ይዘው ይሂዱ። ባትሪው ሞተር ሳይክሏ ሳትነሳ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ተነስታ በ4,000 ዙር ደግሞ ከ13.5 እስከ 14.7 ሊያሳይ ይገባል። ከ13 በታች ከቀረ ባትሪ መቀየር ብቻውን አያድነውም፤ የሚሞላው ክፍል ተበላሽቷል። ነዳጅ ሳይሰጡ ሚኒሞ ላይ ትተዋት እስክትሞቅ ይጠብቁ፤ የራዲያተሩ ፋን ራሱ መነሳት አለበት። የኤቢኤስ መብራት ቁልፍ ሲከፈት መብራት፣ ትንሽ ከሄደች በኋላ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ አንድ ሰው ሆነ ብሎ አጥፍቶት ሊሆን ይችላል።

እርስዎ ገና መንጃ ፈቃድ ከሌለዎት የሚነዳልዎ ልምድ ያለው ሰው ይዘው ይሂዱ። ሻጩ ሙሉውን ገንዘብ በእጁ ካልያዘ አይሰጥም፤ ትክክል ነው። ነጂው ሁለት ነገር ይሞክር፦ በሁለተኛ ማርሽ ጠንከር አድርጎ ነዳጅ ሲሰጥ ማርሹ እንዳይዘል፣ በአራተኛ ማርሽ ከዝቅተኛ ዙር ሲጎትት ደግሞ ዙሩ ብቻውን እየወጣ ፍጥነቱ እንዳይቀር። ሁለተኛው ፍሪሲዮኑ ማለቁን ይናገራል፤ የመጀመሪያው ካምቢዮው ስለሆነ ሞተሩን መክፈት ያስፈልጋል፣ አይግዟት።

በዲሲ አካባቢ ለሚኖሩ፦ ከኅዳር እስከ የካቲት ፈላጊ ይቀንሳል፣ ሻጭም ጋራዡን ለማስለቀቅ ይለሳለሳል። ሜሪላንድ ላይ ያገለገለችን ሞተር ሳይክል በስምዎ ለማዞር የደኅንነት ምርመራ ስለሚያስፈልግ ያለቀ ጎማና የተሰበረ ፍሬቻ እዚያ ይመልስዎታል። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ሄልሜት ግዴታ ነው።

ቤት ካስገቧት በኋላ ሻጩ "አሁን ነው የቀየርኩት" ቢልም የሞተር ዘይቱንና ፊልትሮውን፣ የፍሬን ዘይቱንም ይቀይሩ፤ ሰንሰለቱን ያጽዱና ይቀቡ። የጎማ ንፋሱን ጠዋት ሳትነዳ ይለኩ፤ ለኒንጃዎቹ የፊቱ 28፣ የኋላው 32 ፒኤስአይ ነው።