«ሙቅ ነገር ወደ ላይ ይወጣል» ብላችሁ አትለፉት

ደሴ ውስጥ ፊዚክስ ማስጠናት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ስለ ኮንቬክሽን፣ ማለትም ነገር ራሱ እየተዘዋወረ ሙቀት ስለሚያጓጉዝበት መንገድ፣ ስጠይቅ የማገኘው መልስ ግን ያው ነው፦ «ሙቅ ነገር ወደ ላይ ይወጣል።» አራት ነጥብ። እስክሪብቶ ተቀመጠ።

አንደኛው ስህተት ይኸው ነው፤ አንጀቴን የሚያሳርረኝም እሱ ነው። ሙቁ ሁሉ ወደ ላይ የሚወጣ ቢሆን ከኮምቦልቻ በሸሚዝ ተነስታችሁ፣ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ደሴ ስትገቡ ጋቢ ምን ያስፈልጋችኋል? ኅዳር 12 ከየደጁ የሚጨሰው ጭስስ? ከእሳት የወጣ ትኩስ ጭስ እኮ ነው! ትንሽ ይወጣና ከጣሪያችን በላይ ተንጋሎ ይቀራል። የጦሳን ተራራ ተሻግሮ ሲሄድ አላየሁትም።

መጠየቅ ያለበት፣ የሚወጣው አየር እዚያው ከፍታ ላይ በዙሪያው ካለው ጎረቤቱ አየር ይቀላል ወይ ተብሎ ነው። አየር ሲወጣ ግፊቱ ይቀንስለታል፤ ይለጠጣል፤ ሲለጠጥ ይቀዘቅዛል። ደመና ካልሠራ በየ1 ኪሎ ሜትሩ 10 ዲግሪ ገደማ ያጣል። በዙሪያው ያለው አየር በዚያ ልክ ካልቀዘቀዘ፣ ወጪው ቶሎ ከጎረቤቱ ይከብድና ይቆማል። በኅዳር ጠዋት ደግሞ ቀዝቃዛው አየር ሌሊቱን ወደ ጎድጓዳው ወርዶ ስለሚተኛ ላዩ ከታቹ ይሞቃል። ጭሱ ክዳን ገጠመው ማለት ነው።

የሐምሌ ከሰዓት ዶፍስ? ተኑ ወደ ውኃ ሲለወጥ የያዘውን ሙቀት ይለቃል። ስለዚህ ደመናው ውስጥ ያለው አየር ሲወጣ ቀስ ብሎ ነው የሚቀዘቅዘው፤ ከጎረቤቱ እንደቀለለ መውጣቱን ይቀጥላል። በምድር ወገብ አካባቢ የእንዲህ ዓይነቱ ደመና አናት 15 ኪሎ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ጥልቅ ኮንቬክሽን ይሏችኋል ይሄ ነው። ተኑን ያልጠቀሰ መልስ ከእኔ ግማሽ ማርክም አያገኝም።

እርጥብ አየር ከደረቅ አየር ይከብዳል የምትሉም ተዉ። በእኩል ሙቀትና ግፊት እርጥቡ ነው የሚቀለው።

ባሕር ላይ ሲደርሱ ከሥር እሳት የሚያነዱም አሉ። አንዲት ጎበዝ ተማሪዬ ውቅያኖስን እንደ ሽሮ ድስት ስላ አመጣችልኝ፤ የቀረው ጉልቻው ብቻ ነበር። ሥዕሉ ስላማረኝ አልተቆጣኋትም። ባሕር ግን የሚሞቀውም የሚቀዘቅዘውም በዋናነት ከላይ ነው፤ ጥልቁ ኮንቬክሽንም የሚነሳው ከላይ ነው። በካናዳና በግሪንላንድ መካከል ባለው ላብራዶር ባሕር ላይ በብርዱ ወራት ከካናዳ የሚመጣ ነፋስ የላዩን ውኃ ሙቀት ይነጥቀዋል፤ ውኃው ይከብድና ይሰምጣል። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጀመሪያ የላዩ ውኃ ከታቹ ጋር እየተደባለቀ ከ2,000 ሜትር በላይ ወርዶ ነበር። ሰሜን ምዕራብ ሜዲትራኒያንም እንዲሁ ነው፤ እዚያ ሚስትራል የሚባል ነፋስ አለ፣ በ1969 ተመራማሪዎች በመርከብ ሄደው ውኃው ሲሰምጥ ለክተዋል። የሚወርደው ዓምድ ስፋቱ 1 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ፍጥነቱም በሰከንድ እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ጨው የበዛበት ውኃ ስለሚከብድ ጨውም ድርሻ አለው፣ አትርሱት።

«ውኃ በጣም የሚከብደው በ4 ዲግሪ ነው» የሚለውን እዚህ አታምጡ። እሱ ጨው ለሌለው ውኃ ነው። የውቅያኖስ ውኃ በረዶ እስኪሠራ ድረስ እየከበደ ይሄዳል።

የራሴንም ልናዘዝ። መጥበሻ ላይ ስስ ዘይት አፍስሼ፣ የብር ቀለም ዱቄት በትኜ፣ ከሥር አሞቅና የንብ ቀፎ የመሰሉ ክፍሎች ሲሠሩ አሳይ ነበር። «ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ቤናር በፈረንጆቹ 1900 ያየው ይሄ ነው፤ እንግሊዛዊው ሬይሊ በ1916 አስረድቶታል፤ የሞቀው ቀልሎ ስለወጣ ነው» እያልኩ ስንቱን አስጨበጨብኩ! ኋላ ሳነብ፣ ላዩ ክፍት በሆነ ስስ ዘይት ዋናው ገፊ የገጽ ውጥረት፣ ማለትም የፈሳሹን ገጽ እንደ ቆዳ የሚወጥረው ኃይል፣ ነው፤ ሬይሊ ራሱ የቤናርን ነገር በትክክል አላገኘውም። ያኔ ያስጠናኋችሁ ልጆች፣ አፉ በሉኝ።

የመጨረሻው፦ የመሬትን ማንትል፣ ከቅርፊቷ ሥር ያለውን ወፍራም ንብርብር፣ እንደ ቀይ ሾርባ አትሳሉት። ጠጣር አለት ነው፤ በዓመት በሳንቲ ሜትር የሚቆጠር እየተሳበ ይዞራል። «ጠጣር ከሆነ እንዴት ይፈሳል?» ብሎ ያፋጠጠኝ አንድ ልጅ ብቻ ነው። እሱን ቡና ጋብዤዋለሁ።